ጣሪያዋን ላስቆርጣት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የቀረችልኝ ተራ ቮልስ አለችኝ። አንድ በያጅ ጣሪያዋን ቆርጦ እንደ ድሮዎቹ ክፍት ቮልሶች ሊያደርግልኝ ዋጋ ነግሮኛል። ለሠርግ ላከራያት አስቤ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? ሸዋ ሮቢት ድረስስ ትወርዳለች?
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ጣሪያዋን አያስነኩ። የቮልስን ፊትና ኋላ አጥብቀው ከሚይዙት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ጣሪያው ነው። እሱ ሲቆረጥ ሰው በተጫነ ቁጥር ወገቧ ይጎብጣል፣ በሮቿም አልከፈት ወይም አልዘጋ ይላሉ።

የድሮዎቹ እንዲሁ የተቆረጡ አይደሉም። ጀርመን፣ ኦስናብሩክ የነበረው ካርማን የተባለ ኩባንያ ከ1949 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ከ330 ሺህ በላይ ሲሠራ፣ ከበሮቹ ሥር ወፍራም ብረት በይዶ ምሰሶዎቹንም አጠንክሮ ነው። ክፍቷ ከተራዋ የምትከብደው ለዚህ ነው። ሸራዋም ድርብርብ ነው፤ የኋላ መስኮቷ ፕላስቲክ ሳይሆን መስተዋት ስለሆነ ተዘግታ የደብረ ብርሃንን ብርድ ትችላለች። ሲታጠፍ ከኋላ ወንበር ጀርባ ተቆልሎ ይቀመጣል። ሾፌሩን ወደኋላ እንዳያይ ቢጋርደውም፣ ወዳጆቿ የሚያብዱላት ለዚያ ቁልል ነው።

ገንዘቡ ካለዎት እውነተኛዋን ይፈልጉ። መለያዋ፣ እንደ ተራዋ ከኋላ መስኮት ሥር የአየር ማስገቢያ የላትም፤ ሞተሯ የሚተነፍሰው በሞተር ክዳኑ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ባለው ቦታ በክሪክ ያንሷትና በሩን ከፍተው ይዝጉ። በበሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት መሬት ላይ ከነበረው ከተለወጠ ከሥር ያለው ላሜራ በስብሷል። አዲስ ቀለም አያታልልዎት።

ሸዋ ሮቢት ትወርዳለች፤ ችግሩ ካርቡራተሩ ነው። ደብረ ብርሃን አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ይበዛባትና ጥቁር ታጨሳለች፤ መካኒኩም ጅግለሩን፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ፣ ያሳንሳል። በጣም ካሳነሰው ግን ቆላ ስትደርስ ቤንዚን ያንሳታል። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ትግላለች፤ በድሮዎቹ ሞተሮች ቀድሞ የሚቃጠለው የ3ኛው ሲሊንደር ቫልቭ ነው። ስለዚህ ጅግለሩን አንድ ቁጥር ብቻ ያስቀንሱ። ዘይቱን፣ 2.5 ሊትር፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀይሩ፤ ፊልትሮ ስለሌላት ወንፊቱን ያሳጥቡ።

ከጣርማ በር ቁልቁል በ2ኛ ማርሽ ይውረዱ። ፍሬኑ የከበሮ ዓይነት ከሆነ አለማቋረጥ ሲረገጥ ይግልና አልይዝ ይላል።