ደመወዝ በዕዳ ሲያዝ መጀመሪያ ወዴት ይኬዳል?

እህቴ፣ «በሌለሁበት ተፈርዶብኝ የደመወዜ ግማሽ በዕዳ ተቆረጠ፤ ሥራውን ብለቅ ይሻለኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ አትልቀቂ። ደመወዝ ክፍል ለዓመታት ስሠራ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የመጣባቸው ብዙ ሠራተኞች አጋጥመውኛል። ሥራቸውን የለቀቁት ገቢያቸው ቀረ እንጂ ዕዳው ከነወለዱ ተከትሏቸዋል።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ዘንድ ነበር፤ «የዚህን ወር ብቻ ተዉልኝ» ብሎ ይለምናል። አንጀት ይበላል። ግን አሠሪው የታዘዘውን ካልቆረጠ ራሱ ስለሚጠየቅ ምንም ማድረግ አይችልም። ከደመወዝ ክፍልሽ የትእዛዙን ቅጂና እስካሁን የተቆረጠብሽን ዝርዝር ብቻ ተቀበዪ።

አሁን ግማሹ ምን ምን እንደሆነ ለይተሽ እዪ። የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተቀናሽና የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ተደምረው ግማሽ ሆነው የተገኙበት ጊዜ አለ። የፍርድ ቤቱ ብቻውን ግማሽ ከሆነ ግን ጣሪያውን አጣሪ። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ በላይ መቁረጥን ይከለክላል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ደግሞ ለተራ ዕዳ ግብርና በሕግ የሚቆረጡት ከተነሱ በኋላ ከሚቀረው ከ25 በመቶ በላይ አያስነካም፤ ለልጅ ቀለብ ግን ከዚያ ከፍ ይላል። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 95ም ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ መተዳደሪያ የሚያስፈልገው ገንዘብ እንዳይነካ ይላል። ስለዚህ «ልጆቼ ምን ይብሉ?» ማለት ልመና አይደለም፣ መብት ነው።

ይህን የምትዪው ትእዛዙን ለሰጠው ችሎት ነው። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የቤት ኪራይ ውልሽን፣ የልጆችሽን ማስረጃ ይዘሽ ሂጂና ተቀናሹ እንዲቀነስልሽ በጽሑፍ አመልክቺ። መጥሪያ ሳይደርስሽ የተፈረደብሽ ከሆነ ፍርዱ ተነስቶ መከላከያሽን እንድታቀርቢ መጠየቅም ትችያለሽ። ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ግን አጭር ነውና ሳትውዪ ሳታድሪ ጠበቃ ወይም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቦታ ጠይቂ።

ከባለገንዘቡ ጋር በየወሩ በትንሹ ለመክፈል ብትስማሙ እንኳን ስምምነቱ ተጽፎ መዝገቡ ላይ ይያያዝ። «ተስማምተናል እኮ!» እያሉ በቃል ብቻ የመጡትን መርዳት አልቻልንም፤ ደመወዝ ክፍል የሚያቆመው በደብዳቤ ነው። ዕዳው ሲያልቅም እንዲሁ ነው፤ የማገጃውን ማንሻ ደብዳቤ ራስሽ ተከታትለሽ ካላደረስሽ ተቀናሹ በሚቀጥለው ወርም ሊወጣ ይችላል።

የትእዛዙን ቅጂ ስታገኚ ዋናውን ዕዳ፣ ወለዱንና ወጪውን ለያይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ስሌቱን አብረን እናየዋለን።