ሜዲኬድ የልጄን የጉርምስና መርፌ ይከለክላል ወይ? ላልሽው እህት

እህቴ፣ ልጅሽ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጡቷ ማደግ ጀምሯል። ሐኪሙ «ጉርምስናዋ ያለጊዜው መጥቷል» ብሎ ጉርምስናን የሚያቆመውን ሉፕሮን የሚባለውን መርፌ አዘዘላት። ከዚያ አንዲት ሴት ቤተ ክርስቲያን አግኝታሽ «ቴክሳስ እኮ ያንን መርፌ ለልጆች ከልክሏል፣ ሜዲኬድም (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) አይከፍልም» አለችሽ። እንቅልፍ ማጣትሽ አይገርምም።

መልሱን ላስቀድም። ለልጅሽ አልተከለከለም። እኔ ዳላስ አካባቢ አንድ የልጆች የሆርሞን ክሊኒክ ውስጥ የኢንሹራንስ ወረቀት ነው የምጨርሰው። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ሐበሻውም ሜክሲካኑም ይህንኑ ይጠይቀኛል።

ሴትዮዋ ግን ከመሬት ተነስታ አላወራችም። ኤስ ቢ 14 የሚባለው የቴክሳስ ሕግ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ይሠራል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጾታ ለመቀየር ተብሎ ቀዶ ሕክምና ማድረግ፣ ጉርምስና የሚያቆም መድኃኒት ወይም የተቃራኒ ጾታ ሆርሞን መስጠት አይቻልም። የመንግሥት ገንዘብም ለዚህ አይወጣም፤ ሜዲኬድም፣ ቺፕ የሚባለው የልጆች የጤና ኢንሹራንስም ለዚህ ተዘግተዋል። የጣሰ ሐኪም ፈቃዱን ይነጠቃል። ወላጆችና ሐኪሞች ሕጉን ተቃውመው ከስሰው ነበር፣ የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በጁን 2024 ሕጉን አጸናው።

እዚያው ሕግ ውስጥ ታዲያ፣ ያለጊዜው የመጣ ጉርምስናን ለማስተካከል በወላጅ ፈቃድ የሚሰጥ መድኃኒት እንደሚፈቀድ በግልጽ ተጽፏል። መርፌው ያው አንድ መርፌ ነው። ሕጉ የሚያየው ለምን እንደታዘዘ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጁን 2025 የቴኔሲን ተመሳሳይ ሕግ 6 ለ 3 ሲያጸና «የሚለየው በዕድሜና በሕክምናው ምክንያት ነው» ብሏል። ሦስቱ ዳኞች «አይ፣ በጾታ ነው የሚለየው» ብለው ተቃውመዋል። እዚህ ግሩፕ ውስጥም ደጋፊም ተቃዋሚም እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።

ላንቺ ወሳኙ ወረቀቱ ነው። አንድ እናት የመጣ ደብዳቤዋን ይዛ እያለቀሰች ገባች፣ ኢንሹራንሱ መርፌውን ሳይፈቅድ ይዞታል። ከሐኪሟ ቢሮ የተላከውን ፎርም ስናየው ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ጉርምስና ለማቆም» ብቻ ነው የተጻፈው። የበሽታውን ዓይነት የሚናገር ኮድ የለ፣ የምርመራ ውጤት የለ። አሁን እንዲህ ያለ ፎርም የሚያነብ ሰው ሕጉን ፈርቶ ነው የሚያነበው፤ እኔም እሱ ወንበር ላይ ብሆን እይዘው ነበር። ኮዱ ተጨምሮ ውጤቱ ተያይዞ ሲላክ አለፈ።

ስለዚህ ለሐኪሙ ቢሮ ደውለሽ «የምርመራው ኮድ ምንድን ነው የተጻፈው?» በያቸው። ብዙ ጊዜ ኢ 22.8 ወይም ኢ 30.1 ነው። ኤፍ 64 ብሎ የሚጀምረው የጾታ ማንነት ኮድ ነው፤ እሱ በስህተት ከገባ ጣጣ ነው። የእጇ ራጅ፣ ማለት የአጥንቷን ዕድሜ የሚያሳየው፣ የደም ምርመራዋና የቁመቷ መዝገብ ይያያዝ። ምልክቱ የጀመረበት ዕድሜም ይጻፍ፤ ለሴት ልጅ ከ8 ዓመት በፊት፣ ለወንድ ከ9 በፊት መሆኑ ነው የሚታየው።

አይሆንም ካሉሽ ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሱ ራሱ፣ ማለት ሜዲኬድሽን ለሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ይግባኝ ትያለሽ። እሱም እምቢ ካለ ግዛቱ ዘንድ ፌር ሂሪንግ፣ ማለት ጉዳይሽን በገለልተኛ ሰው ፊት የሚያሰማሽን ችሎት፣ ለመጠየቅ 120 ቀን አለሽ። መርፌውን ጀምራ ከሆነና ሊያቋርጡባት ከሆነ ግን በ10 ቀን ውስጥ «ይቀጥል» ብለሽ ጠይቂ። አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርቡልሻል። እባክሽ ትልቁን ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊው።

ከታች ደግሞ «የእኔ የ15 ዓመት ልጅ ግን ጄንደር ዲስፎሪያ ነው የተባለው፣ ለእኛስ?» ያልሽው እህት (ጄንደር ዲስፎሪያ ማለት በተወለዱበት ጾታ ምክንያት የሚመጣ ጭንቀት ነው)፣ አይቼሻለሁ። ላንቺ መልሱ ከባድ ነው። በቴክሳስ ሜዲኬድ መድኃኒቱ አይሸፈንም፣ በራስሽ ገንዘብም እዚህ ያለ ሐኪም ሊያዝልሽ አይችልም። የሥነ ልቦና ምክር ግን አልተከለከለም። ሜዲኬድ የአእምሮ ጤናን ይሸፍናል፣ ልጅሽ የሚያወራው ሰው ያስፈልገዋል፣ እሱን ዛሬውኑ ጀምሪ። «ሌላ ግዛት ወስጄ ላሳክመው» ላልሽው፣ የቴክሳስ ካርድ እዚያ ለዚህ አይሠራም፤ ኑሮሽን ካዛወርሽ እዚያ እንደ አዲስ ታመለክቻለሽ። ከግማሽ በላይ ግዛቶች ተመሳሳይ ክልከላ አላቸው። ሜሪላንድ በተቃራኒው ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ሜዲኬዷ እንዲሸፍን በሕግ አዛለች። ግን ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታም ከፌዴራል መንግሥቱ ግፊት የተነሳ አገልግሎቱን ያቆሙ ሆስፒታሎች አሉ፤ ዕቃ ከመጫንሽ በፊት ክሊኒኩ ዘንድ ደውለሽ አዲስ ታካሚ ልጅ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ።