እሬትሽን ከመንቀልሽ በፊት ነጥቡን በሶፍት ጥረጊው

እህቴ፣ «እሬቴ ላይ የዝገት ቀለም ያለው ነጥብ ወጣበት፣ ፀሐይ ነው ወይስ ዋግ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ ሁለቱን መለየት አቅቶኝ አንድ ጤነኛ እሬት ነቅዬ ጥያለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ፀሐይ የበዛበት እሬት ነጥብ ነጥብ አይልም። ፀሐይ የሚያገኘው ጎኑ እንዳለ ወደ ቀይ ቡኒ ያደላል፣ ጥላ ሲያገኝ ቀስ ብሎ ወደ አረንጓዴነቱ ይመለሳል። ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ግን መጀመሪያ ፈዘዝ ያለች ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይጀምርና ወደ ቡኒ ይለወጣል፣ ብዙ ጊዜ በቅጠሉ ጀርባ በኩል ብርቱካንማ ዱቄት ያወጣል። በነጭ ሶፍት ጠረግ አድርጊው። ብርቱካንማው ሶፍቱ ላይ ከቀረ የፈንገሱ ስፖር ነው፣ ማለትም የሚራባበት ደቃቅ ዘር። ጠቁሮ ከደረቀ ግን ምንም ላይለቅ ይችላል። እሱ እሬቱ ራሱ የተጎዳውን ቦታ አጥሮ የዘጋበት ጠባሳ ነው፣ ቅጠሉ እስኪያረጅ አይጠፋም።

ነገሩ የገባኝ እሬቱና ዋጉ ውሃን እንዴት እንደሚፈልጉት ሳውቅ ነው። እሬት ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅማል፣ ሙቀቱ እንዳይወስድበትም የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ማታ ይከፍታል። የዋግ ፈንገስ የራሱን ምግብ አይሠራም። በሕይወት ካለ ተክል ላይ ነው የሚመጥጠው፣ ተክሉ ከሞተ እሱም መኖሪያ ያጣል፣ ለዚህም ነው እሬቱን ቶሎ የማይገድለው። ስፖሩ እንዲበቅል ደግሞ ቅጠሉ ላይ ለሰዓታት የቆየ እርጥበት ይፈልጋል። እኔ ማታ ማታ ከላይ እያርከፈከፍኩ ነበር የማጠጣው፣ ቅጠሉ እርጥብ እንደሆነ ያድራል። ከሁሉም በላይ የጎዳኝ ይሄ ነው።

አሁን ጠዋት አፈሩ ላይ ብቻ ነው የማፈሰው፣ ያውም አፈሩ በደንብ ሲደርቅ። ክፉኛ የተያዘውን ቅጠል በንጹሕ ምላጭ ከሥሩ ቆርጠሽ በፌስታል ቋጥረሽ ጣዪው፣ አፈር ላይ አትተዪው። የታመመውን ከሌሎቹ እሬቶች አርቂው፣ አየርም ያግኝ።

ለጽጌረዳሽ ግን አትስጊ። ዋግ ተክል ይመርጣል፣ የስንዴው ዋግ እሬት ላይ አይወጣም፣ የእሬቱም ጽጌረዳ ላይ አይሄድም።

ከቻልሽ የቅጠሉን ጀርባ ፎቶ አንሥተሽ አሳዪን፣ ከላይ ብቻ አይቶ ማወቅ ይከብዳል።