ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ የወፍ በሽታ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። በልጅነቱ ወደ ጉበት የሚገባው ትልቁ ደም ሥር ደም ረግቶበት ተዘግቷል ተብሎ ክትትል ነበረው። ሁለት ጊዜ ደም አስታውኮም ታክሟል። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቱ ኮካ መስሏል፣ ማሳከኩ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶታል። የሄፓታይተስ ምርመራው ነፃ ነው። እናታችን «የወፍ በሽታ ነው» ብላ ባህል ሐኪም ጋ ልትወስደው ነው። ምን ላድርግ?
ት.፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ታካሚዬ ትዝ አለኝ። ከማከክ ብዛት ጥፍሮቹ ተወልውለው ያብረቀርቁ ነበር። የሸሚዙ ጀርባ በደም ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ሦስት ሳምንት ቅጠል ሲጠጣ ቆይቶ ነው የመጣው። ወንድምሽ ላይ ይህ እንዲደገም አልፈልግም።

ትልቁ ደም ሥር ሲደፈን ደሙ ቆሞ አይቀርም። የተደፈነ ወንዝ ዳር ዳሩን ጥሶ እንደሚወርደው፣ በአካባቢው ያሉትን ቀጫጭን ደም ሥሮች ወጥሮ መንገድ ያበጃል። ከነዚህ ብዙዎቹ የሐሞት ቱቦውን እንደ ሐረግ የተጠመጠሙ ናቸው። ዓመታት ሲያልፉ ያብጡና ቱቦውን ይጫኑታል። ሐሞት መውረጃ ያጣል፣ አንዳንዴም ጠጠር ይሠራል። ዓይን ቢጫ የሚሆነው፣ ሰውነት የሚያሳክከው ለዚህ ነው። ደም ሥራቸው ከተዘጋ ሰዎች አብዛኞቹ ኤምአርአይ ሲነሡ ቱቦው ላይ ለውጥ ይታያል፤ የሚታመሙት ግን ጥቂቶች ናቸው። ወንድምሽ ከነዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የጉበትና የሐሞት ስፔሻሊስት ጋ ውሰጂው። የቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የሐሞት ቀለም) የደም ምርመራ፣ የደም ሥር አልትራሳውንድ፣ ከዚያም ኤምአርሲፒ የሚባለው የሐሞት ቱቦ ኤምአርአይ ያስፈልገዋል። ጠጠር ወይም ጥበት ከተገኘ በአፍ በሚገባ መሣሪያ ጠጠሩ ይወጣል፣ ቱቦው ውስጥም ከፍቶ የሚይዘው ቀጭን ቱቦ (ስቴንት) ይቀመጣል። የፕላስቲኩ ስቴንት በየ3 ወሩ ገደማ ይቀየራል፤ ቀጠሮው እንዳያልፈው። ለአንዳንዱ ደግሞ ደሙን በሌላ መንገድ የሚያሳልፍ ቀዶ ጥገና ይሠራል።

አንድ ነገር አደራ። «ሐሞት ከረጢቱን እናውጣ» የሚል ሐኪም ካገኛችሁ፣ ስለተዘጋው ደም ሥር ቀድመሽ ንገሪው። ያበጡት ደም ሥሮች ቢላ ሲነካቸው ክፉኛ ይደማሉ። የልጅነት ወረቀቶቹን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ።

እናትሽን አትቆጫቸው፤ ለልጃቸው ጨንቋቸው ነው። ቅጠሉ ግን ይቅር፣ ጉበቱን ሊጎዳው ይችላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው ወይም ደም ካስታወከ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።