የማን እጅ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «እንደምን ሰነበቱ እትዬ? የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። 24 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ አንድ ነጭ ዱኒ አመጣችልኝ፤ ጥንቸል የሚመስል የቪኒል ምስል ነው። ጆሮው ረጅም ነው፤ ሰውነቱ ላይ በጥቁር ቀለም ተስሎበታል። መስኮት ላይ አቁሜው ነበር። አሁን ቢጫ እየሆነ ነው። ስነካውም እጄ ላይ ይጣበቃል። አንድ ጆሮውም ጎብጧል። ሳጥኑ ላይ ‹1/40› ይላል፤ የተሠራው 40 ብቻ ነው ማለት ነው? እናቴ ደግሞ ‹ይህን አክለህ አሻንጉሊት?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተነስና ከመስኮቱ አውርደው። ሌላውን ከዚያ በኋላ ታነባለህ።

ቢጫው የፀሐይ ሥራ ነው። ቪኒል የምንለው ፒቪሲ የተባለ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ፀሐይና ሙቀት ሲበዛበት ከውስጥ ይፈርሳል፤ ነጩ ወደ ቢጫ ይሄዳል። የደብረ ማርቆስ ብርድ ሰው ያታልላል። ከተማችሁ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ደግሞ ጨረሩ ይበረታል። ጋቢ ለብሰህ ተቀምጠህ ዱኒህ አጠገብህ ይቃጠላል።

ቢጫ የሆነው አይመለስም። ይህን የማውቀው ከራሴ ነው። ባሕር ዳር ትንሽ ፀጉር ቤት አለኝ፤ ከመስታወቱ ጎን ባለው መደርደሪያ ላይ 14 ቪኒሎች ቆመዋል። ደንበኞቼ ካስክ ሥር ሲቀመጡ የሚያዩት እነሱን ነው። የመጀመሪያውን ያመጣልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሆንግ ኮንግ ደርሶ ሲመለስ። ያን ጊዜ ምንም ስለማላውቅ በር ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት አቆምኩት። ቢጫ ሲሆንብኝ ፀጉር በምናነጣበት ፈሳሽ ልመልሰው ሞከርኩ። ቢጫው ትንሽ ቀለል አለ። የሰዓሊው ጥቁር መስመር ግን አብሮ ደበዘዘ። ዓይኑ ጠፋ ማለት ይቻላል። እስካሁን ሳየው ያመኛል። አንተ እንዳትሞክረው። በረኪናም፣ አሴቶንም በአጠገቡ አይለፍ።

የሚጣበቀው ነገር ሌላ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ እንዲለዝብ ማለስለሻ ይጨመርበታል። ያ ማለስለሻ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርግና በለስላሳ ጨርቅ እጠበው። አትፈግፍገው። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከዚያ ፌስታል ውስጥ አትቋጥረው። አቧራ እንዳይነካው ብለው አጥብቀው የሚጠቀልሉ ብዙ ናቸው፤ ታፍኖ ሲቀመጥ ማጣበቁ ይብስበታል። ፀሐይ የማይደርስበት ቡፌ ካላችሁ እዚያ አስገባውና አልፎ አልፎ ክፈትለት።

ጆሮው አያስጨንቅህ፣ ይቃናል። ይህ ዕቃ ሲሠራ ፈሳሽ ቪኒል የብረት ቅርጽ ውስጥ ይገባና ይሞቃል። ብረቱን የነካው ይረጋል፤ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ከቅርጹ ተስቦ የሚወጣው ገና ትኩስና ልዝብ ሳለ ነው። ስለዚህ ሙቀት ሲያገኝ እንደገና ይለዝባል። እኔ በፀጉር ማድረቂያ ነው የማደርገው፤ ራቅ አድርጌ፣ መካከለኛው ሙቀት ላይ። ማድረቂያ ከሌለህ ጆሮውን ብቻ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረው። የሚፈላ አይሁን። ሲለዝብ አቃናውና እንደያዝከው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገባው። እስኪበርድ አትልቀቀው።

ወደ 1/40 ልምጣ። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የአንተ ዱኒ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ በተዘጋ ሳጥን ከሚሸጡት ነው። 1/40 ማለት ከ40 ሳጥን በአማካይ አንዱ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ስንት እንደተሠራ አይነግርህም። ተቆጥሮ የሚሠራው ሌላ ነው። ለምሳሌ ካውስ የተባለው አሜሪካዊ ሰዓሊ በ1999 እ.ኤ.አ. «ኮምፓኒየን» የተባለውን የቪኒል ምስሉን ባውንቲ ሃንተር ከተባለው የቶኪዮ ድርጅት ጋር ሲያወጣ የተሠራው 500 ነበር። እንዲህ ያለው ነው ውስን እትም።

አሁን እናትህ። ከእሷ ጋር አትከራከር። መሶቧን አሳያትና ጠይቃት። መሶብ ሁሉ ቅርጹ ያው ነው፤ እግር አለው፣ ሆድ አለው፣ ክዳን አለው። ግን እናቶቻችን ሰው ቤት ገብተው ያማረ መሶብ ሲያዩ መጀመሪያ የሚሉት «የማን እጅ ነው?» ነው። ዋጋው ቀጥሎ ይመጣል። እናቴ ያን ጥያቄ ስትጠይቅ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የሰፊዋን ስም ከሰማች በኋላ ስፌቱን በጣቷ ትዳስሰው ነበር።

ዱኒም እንደዚያው ነው። የአሻንጉሊት ድርጅት የመሠረተው ፖል በድኒትዝና ሰዓሊው ትሪስታን ኢተን በ2004 እ.ኤ.አ. ዱኒን ያወጡት፣ ቅርጹ እንዳለ ሆኖ ላዩ ላይ የየሰዓሊው እጅ እንዲያርፍበት ነው። ከዚያ በፊት በ1999 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሰዓሊው ማይክል ላው የጎዳና ወጣቶችን የሚመስሉ «ጋርደነር» የተባሉ ምስሎቹን ለኤግዚቢሽን አቅርቦ ነበር። ዓለም ይህን ነገር እንደ ጥበብ ማየት የጀመረው ከዚያ አካባቢ ነው። እነዚህ ሰዎች ለልጅ መጫወቻ ብለው አልሠሩትም፤ ሥዕላቸውን ነው ከግድግዳ አውርደው በእጅ የሚያዝ ያደረጉት። የአንተም ሳጥን ላይ የሰዓሊው ስም ይኖራል። ፈልገውና ለእናትህ ንገራት። ሌሎች ሥራዎቹንም በስልክህ አሳያት። «የማን እጅ ነው?» ስትል መልስ ይኑርህ።

ጥያቄ፦ «ከፍኖተ ሰላም ነኝ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ላቡቡ የሚባለውን ጆሮ ረጅም፣ ጥርሱ የሚታይ አሻንጉሊት ካልገዛሽልኝ ብላ አስጨንቃኛለች። አንዱ ሱቅ በርካሽ አየሁ። ኦሪጅናል መሆኑን በምን ልወቅ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥርሱን ቁጠሪ። ሰዓሊው ካሲንግ ሉንግ የፈጠረው ላቡቡ ጥርሱ ዘጠኝ ነው። ሰዓሊው ሆንግ ኮንግ ተወልዶ ኔዘርላንድስ ያደገ ነው፤ ላቡቡን ያወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፣ ፖፕ ማርት በተባለው የቻይና አሻንጉሊት ድርጅት በኩል መሸጥ የጀመረው ደግሞ በ2019። ፌኩ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ይበዛል ወይ ያንሳል፤ ፊቱም ላይ ቀለሙ ከመስመር ይወጣል።

ግን ከሁሉ በፊት ዓይኑንና እጁን ሳብ ሳብ አድርገሽ እዪ። በቀላሉ የሚነቀል ከሆነ ተዪው፤ በተለይ ቤት ውስጥ ሁሉን ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ካለ ያንቀዋል። እርግጠኛ ካልሆንሽ ፊቱን በቅርበት፣ እግሩንም ከሥር ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። አይቼ እነግርሻለሁ።