ክራክ የተደረገ ጌም መጫወት ስርቆት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላምዎ ይብዛ። ጌም መጫወት በጣም እወዳለሁ። አዳዲሶቹ ግን 70 ዶላር ገብተዋል፣ 80 የሚሸጥም አለ። ያን ያህል ገንዘብ የለኝም፤ ስለዚህ ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚገኘውን እያወረድኩ ነው የምጫወተው። ጓደኛዬ «ይሄ እኮ ስርቆት ነው» አለኝ። እኔ ግን ከማንም ኪስ አልወሰድኩም፤ ክራኩ ባይኖር ኖሮም አልገዛውም ነበር። ደግሞስ ገንዘብ አግኝቼ ብገዛ ጥፋት አለው? አንድ ጌም 100 ሰዓት ካጫወተኝ ለሰዓት አንድ ዶላር እንኳ አይደርስም፤ ሲኒማ ከመግባት ይረክሳል። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ጓደኛህ ልክ ነው፣ ስርቆት ነው። ግን ያነሳሃቸው ምክንያቶች ብዙ ወጣቶች የሚያነሷቸው ናቸውና በአንድ ቃል ዘግቼ አልሄድም። እኔም በወጣትነቴ የተገለበጠ ሲዲ እየተዋስኩ ተጫውቻለሁ። ያን ጊዜ ስርቆት መሆኑ ትዝም አላለኝም።

«ከማንም ኪስ አልወሰድኩም» አልክ። እውነት ነው፣ ፋይል ሲገለበጥ ባለቤቱ ጋ ያለው አይጎድልም። ግን መጽሐፍ ቅዱስ ስርቆትን በዕቃ ማንሳት ብቻ አይለካውም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የሠራተኛ ደመወዝ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ ሳይከፈል የቀረ የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይናገራል። ልብ በል፣ እዚያም ከአጫጁ ቤት የተወሰደ ዕቃ የለም። ድካሙን ወስደው ዋጋውን ነው ያስቀሩበት። ያንተም ነገር ያው ነው።

ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጌም ሳታውቀው አትቀርም። ኤሪክ ባሮን የሚባል ሰው ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ተቀምጦ ሠራው። ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም፣ ኮዱም የሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያወጣው 15 ዶላር ነበር የሸጠው። ሰው «ኩባንያዎቹ ሀብታም ናቸው» እያለ ሲያወርድ እንዲህ ያለውም ሰው አብሮ ይወረዳል፤ ክራክ የሚጭን እጅ ሀብታሙንና ድሃውን አይለይም።

ሌላም ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት ወንድማማቾች ጌም ዴቭ ታይኩን የሚል ጌም አወጡ፤ ተጫዋቹ የራሱን የጌም ኩባንያ የሚያስተዳድርበት ነው። ዋጋው 8 ዶላር አካባቢ ነበር። የሚሆነውን ስለገመቱ የተሰረቀ የሚመስል ቅጂ ራሳቸው አዘጋጅተው ሰው በነፃ በሚያወርድባቸው ቦታዎች ለቀቁት። በዚያ ቅጂ ውስጥ ተጫዋቹ ምንም ጥሩ ጌም ቢሠራ ሕዝቡ ሳይከፍል እየገለበጠበት ኩባንያው ይከስራል። በመጀመሪያው ቀን ማብቂያ ከተጫወቱት ከ3,300 በላይ ሰዎች 93.6 በመቶው የያዙት ያንን ቅጂ ነበር። የገዙት 214 ብቻ ናቸው። ሳይከፍሉ ከሚጫወቱት አንዳንዶቹ ደግሞ «ሰው ጌሜን እየሰረቀ አከሰረኝ፣ ምን ላድርግ?» ብለው እርዳታ ጠየቁ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤን ይነካኛል። በደሉ ለራሳቸው ሲደርስ ወዲያው አወቁት።

«ባይኖርም አልገዛውም ነበር» የሚለውስ? እሺ፣ እውነት ይሁን። ያኔ ትክክለኛው ነገር አለመጫወት ነበር። ምሳሌ ምዕራፍ 6 ርቦት የሰረቀን ሰው እንኳ ሰው አይንቀውም፣ ከተያዘ ግን ይከፍላል ይላል። ጌም ደግሞ ረሃብ አይደለም። ማንም ጌም አጥቶ አልሞተም። ስለዚህ ረሃብተኛው ያላመለጠበትን ምክንያት እኛ ለመዝናኛ ልናቀርበው አንችልም።

ዋጋው ውድ ነው የሚለው ቅሬታህ ግን ይገባኛል፤ 70 ዶላር ለብዙ ሰው ትልቅ ገንዘብ ነው። ትላልቆቹ ጌሞች ለ15 ዓመት ገደማ 60 ዶላር ላይ ቆይተው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ነው ወደ 70 የሄዱት፤ ኔንቲዶ የተባለው የጌም ኩባንያም በ2025 አንዱን 80 አደረገው። እኔ የኩባንያዎቹ ጠበቃ አይደለሁም። ሙሉ ዋጋ ካስከፈሉህ በኋላ በጌሙ ውስጥ ያለ፣ ምን እንደያዘ የማታውቀውን ሳጥን በገንዘብ ክፈት የሚሉ አሉ፤ ቤልጂየም ይህን እ.ኤ.አ. በ2018 ቁማር ነው ብላዋለች፣ እኔም ቁማር ነው እላለሁ። ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያም ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ጌም በኢንተርኔት የሚሠራበትን ሰርቨር በ2024 ሲዘጋው በገንዘባቸው የገዙት ሰዎች ሁሉ መጫወት አልቻሉም። ይሄ በደል ነው። ግን የሻጭ በደል ለገዢ የመስረቅ ፈቃድ አይሰጥም። ካልወደድከው አትግዛ፣ ተናገር፣ ገንዘብህን ለተሻለ ሰው ስጥ።

ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅ ራስህን፦ መጠበቅ ለምን ከበደኝ? ጌም ከቆየ ይረክሳል። ዓመት ሁለት ዓመት ከታገስክ ብዙዎቹን በግማሽ ዋጋና ከዚያም ባነሰ ታገኛቸዋለህ። ኤፒክ የሚባለው መደብር እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በየጊዜው ጌም በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል። ስቲም ከሚባለው የጌም መደብር ገዝተህ ካልወደድከው፣ በ14 ቀን ውስጥ ከሆነና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወትክ ገንዘብህን ይመልሱልሃል፤ ስለዚህ «ልሞክረው ብዬ ነው ክራኩን የጫንኩት» ማለትም ብዙ አያስኬድም። እኔ ሳየው ገንዘቡ ብቻ አይደለም ችግሩ። ሁሉም ስለ ጌሙ በሚያወራበት ሳምንት እኔ ብቻ እንዴት እቀራለሁ የሚል ነገር አለ። ይሄ ምኞት ነው፣ አትመኝ የሚለውም ትእዛዝ አትስረቅ ከሚለው ብዙ አልራቀም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ስሌት ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ገዝተህ ብትጫወት ጥፋት የለውም። እረፍትም ያስፈልጋል፣ ከጓደኛ ጋር መጫወትም ደስ ይላል። አንተ ግን 100 ሰዓቱን እንደ ትርፍ ነው የቆጠርከው። እኔ እንደ ወጪ ነው የማየው። ገንዘቡ ነገ ተሠርቶ ይተካል፤ 100 ሰዓት ግን በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው የ12 ቀን ተኩል ሥራ ነው፣ ከሄደም አይመለስም። «ለሰዓት ስንት ወጣብኝ» ብለህ ብቻ ከለካህ በጣም የሚያቆይህ ጌም ሁልጊዜ የተሻለ ይመስልሃል። ሠሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ዛሬ ካልገባህ ስጦታህ ያመልጥሃል እያሉ በየቀኑ የሚጠሩህ ለዚህ ነው። ስድስት ሰዓት ተጫውተኸው ያለቀ፣ ከዚያም በደስታ ዘግተህ የተነሳህበት ጌም ከሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሐዋርያው ጳውሎስ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ ሁሉ ግን አይጠቅምም» ካለ በኋላ በእኔ ላይ ምንም አይሠለጥንም ይላል። ስለዚህ ሲኒማን ተወውና በሌላ ለካው። ጌሙን በጀመርክበት ወር እንቅልፍህ እንዴት ነበር? ጸሎትህስ? እናትህ ስትጠራህ ወዲያው ተነሳህ ወይስ ተቆጣህ? ተው ሲሉህ መተው ከቻልክ ተጫወት።

ያለፈውን ምን ላድርግ ካልክ፣ ዘኬዎስን አስብ። ጌታ ቤቱ ሲገባ ይቅርታ ብቻ አልጠየቀም፣ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። አንተም ክራኮቹን ከኮምፒውተርህ አጥፋቸው፤ ቫይረስ ይዘው የሚመጡ ስላሉም ይጠቅምሃል። ከዚያ ከልብህ የወደድካቸውን ጻፍና ቅናሽ ሲኖር አንድ በአንድ ግዛቸው፣ ደግመህ ባትጫወታቸውም። ሰዎቹ ሠርተውልሃል። ለዚህ ብለህ ግን ብድር አትግባ። ለንስሐ አባትህም ሳታፍር ንገራቸው።

የትም የማይሸጡ የድሮ ጌሞች አሉ። ልግዛ ብትል እንኳ የሚቀበልህ ሰው የለም። በብዙ አገር ሕግ እነሱም ጥበቃ አላቸው፣ እኔ ግን ትናንት ከወጣው ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጣቸውም። ለአዲሱ መሸፈኛ እንዳታደርጋቸው ብቻ ተጠንቀቅ።

በፍላሽ ገልብጠህ የሰጠሃቸው ልጆች ካሉ ደግሞ ለነሱም አንተው ንገራቸው። ከእኔ ይልቅ አንተን ይሰሙሃል።