«ብልጭ ድርግም» ወይስ «ደመቅ ፈዘዝ»?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ አሠለጥናለሁ። በክፍል መብራት መረጃ ስለመላክ ሠልጣኞቼ ሲጽፉ፣ አንዱ «መብራቱ ሲጠፋ ዜሮ ይላካል»፣ ሌላው «ኤልኢዲው ብልጭ ድርግም ይላል» ብለዋል። የትኛውን ልቀበል?

መልስ፦ ሁለቱንም ያርሟቸው። «መብራት ጠፋ» ሲባል አንባቢ የሚረዳው ኤሌክትሪክ መቋረጡን ነው፤ ስለዚህ «ኤልኢዲው» ወይም «ብርሃኑ» ይባል። «ጠፋ» የሚለውም አይስማማም። በኦን-ኦፍ ኪይንግ (ዜሮና አንድን በብርሃኑ ሁለት ደረጃዎች በሚለየው ዘዴ) ዜሮ ሲላክ ኤልኢዲው ጨርሶ መጥፋት የለበትም፣ ከረንቱ ዝቅ ካለ ይበቃል።

«ብልጭ ድርግም» ዓይን የሚያየው ነው፤ እዚህ ግን ዓይን ካየው ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው። በብርሃን መረጃ ለመላክ በወጣው በ802.15.7 ስታንዳርድ የሚሠሩ መሐንዲሶች ብርሃኑ በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከተለዋወጠ፣ ማለትም ከ200 ኸርዝ በላይ ከሆነ፣ ዓይን አያስተውለውም ይላሉ። በሰከንድ 1,000 ቢት (ዜሮ ወይም አንድ) የሚልክ ሰርኪት 10 ዜሮ ሲደረደርበት ብርሃኑ ለ10 ሚሊሰከንድ ይፈዛል፤ ያኔ በእርግጥም ብልጭ ድርግም ይላል። መፍትሔው የማንችስተር ኮድ ነው፦ ዜሮ «ፈዘዝ ደመቅ»፣ አንድ ደግሞ «ደመቅ ፈዘዝ» ሆኖ ይላካል። የእያንዳንዱ ቢት ግማሽ ደማቅ ስለሆነ አማካዩ ብርሃን እኩል ይቆያል። ጉዳቱ ለአንድ ቢት ሁለት ምልክት መጠየቁ ነው።

«ደመቅ ፈዘዝ» የመረጥኩት በምክንያት ነው። በሩን «ከፈት አደረገው» ስንል በትንሹ፣ «ክፍት አደረገው» ስንል ባንዴና ወለል አድርጎ ማለታችን ነው። «ደመቅ» እና «ድምቅ»ም እንዲሁ ይለያያሉ። ብርሃኑ የሚለወጠው በመጠኑ ስለሆነ የመጀመሪያው ቅርጽ ልክ ይገጥመዋል። ረዳት ግሡንም ይጠብቁ፦ ብርሃኑ ደመቅ ፈዘዝ «ይላል»፣ ድራይቨሩ (ለኤልኢዲው ከረንት የሚሰጠው ሰርኪት) ግን ኤልኢዲውን ደመቅ ፈዘዝ «ያደርገዋል»።

«ብልጭ» ብቻውን የሚያምረው ፐልስ ፖዚሽን ሞዱሌሽን በሚባለው ዘዴ ላይ ነው። ጊዜው ለአራት ይከፈልና ኤልኢዲው በአንዱ ክፍል ብቻ ብልጭ ይላል፤ በየትኛው ክፍል ብልጭ ማለቱ ሁለት ቢት ይነግረናል። በኦኤፍዲኤም (መረጃውን በብዙ ፍሪኩዌንሲዎች ከፋፍሎ በሚልከው ዘዴ) ደግሞ ብርሃኑ ሁለት ደረጃ ብቻ ስለሌለው «ከፍ ዝቅ ይላል» ይባል። ከዜሮ በታች የሆነ ብርሃን ስለሌለም ሲግናሉ በቋሚ ከረንት ላይ ይደመራል።

በ50 ኸርዝ መስመር የሚሠሩ ሌሎች መብራቶች ሪሲቨሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ሰርኪት) ላይ የሚያመጡትን የ100 ኸርዝ ለውጥ «መርገብገብ» ይበሉት፣ ከመረጃው ጋር እንዳይምታታ። እሱን ከካፓሲተርና ከሬዚስተር የተሠራ ፊልተር (ማጣሪያ) ያስቀረዋል፤ ማንችስተር ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ስለማያበዛ ፊልተሩ መረጃውን ብዙም አይነካውም።